የመሬት ቀያሹ ሹሩባ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ቀጥ ያለ አጥር ካያችሁ የእኔ እጅ አለበት ብላችሁ ጠርጥሩ። ጠማማ አጥር ካያችሁም የእኔ እጅ አለበት፤ ብቻ እኔ ለክቼ ከሄድኩ በኋላ ባለቤቱ ችካሉን ነቅሎ ወደ ጎረቤቱ ገፋ አድርጎታል ማለት ነው። ሥራዬ መሬት መቀየስ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ቀጥ ያለ መስመር ሳወጣ የኖርኩ ሰው፣ የገዛ ልጄን ጭንቅላት ለሁለት እኩል መክፈል አቅቶኝ፣ ያውም በደብረ ብርሃን ብርድ ላብ ሲያጠምቀኝ ምን እንደተሰማኝ እናንተው ፍረዱኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ባለቤቴ ወይንሸት አዋላጅ ነርስ ናት። የደረጃ ዕድገት አገኘችና አረርቲ ተመደበች። ዕድገት ሲባል ሰው ደስ ሊለው ይገባል፤ እኛም ደስ አለን። ደስ ብሎን ሻንጣዋን አሰርን፣ ደስ ብሎን መናኸሪያ ድረስ ሸኘናት፣ ደስ ብሎን ተላቅሰን ተለያየን። እሷ ቆላ ወርዳ ከሙቀቱ ጋር ትታገላለች፤ እኔና የሦስተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጃችን ትርሲት እዚህ ደጋው ላይ ከብርዱ ጋር ቀረን። ተረኛ ካልሆነች ቅዳሜና እሁድ ትመጣለች ተብሎ ነበር። ግን የአረርቲ ሕፃናት ምን እንደነካቸው አላውቅም፣ መወለድ የሚያምራቸው ቅዳሜና እሁድ ነው።

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። የእኛ ችግር የናፈቀን በደንብ የምናውቀው መሆኑ ነው። እኔ፣ ወይንሸት ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን በር ላይ ጥላ የምትተነፍሰውን ትንፋሽ ሳይቀር ናፈቅኩ። ያን ጫማ ለምን መንገድ ላይ ትተይዋለሽ እያልኩ ስነጫነጭ የኖርኩ ሰው፣ ማታ ማታ በሩ ጋ ስደርስ የሚያደናቅፈኝ ነገር እያጣሁ ሆዴ ይባባ ጀመር። ትርሲት ግን ከሁሉ በላይ የናፈቃት የእናቷ እጅ ነበር።

እናትና ልጅ አንድ ልማድ ነበራቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ወይንሸት ሶፋው ላይ ትቀመጣለች፤ ትርሲት ዱካ ላይ ሆና ጭንቅላቷን በእናቷ ጉልበቶች መካከል ታስገባለች። ሹሩባው ሲሠራ ሂሳብም አብሮ ይሠራል። ስምንት ጉንጉን አለን፣ በየጫፉ ሦስት ዶቃ ብናስር ስንት ዶቃ ይበቃናል ትላለች እናት። ልጅ በጣቷ ትቆጥራለች፣ ትሳሳታለች፣ የእናቷ እጅ ሳይቋረጥ እንደገና ትቆጥራለች። ሂሳቡ ሲሰለቻቸው ተረት ነው፤ ትርሲት ከራሷ ፈጥራ ታወራለች፣ ወይንሸት ደግሞ ቅድም ጅቡ ሞቶ አልነበረም እንዴ፣ በይ ከመጀመሪያው ንገሪኝ ትላታለች። እኔ ጥግ ይዤ ስልኬን እየነካካሁ እሰማቸዋለሁ። ያን ጊዜ ፀጉር የሚሠሩ ይመስለኝ ነበር።

ወይንሸት በሄደችበት ዋዜማ የሠራቻትን ሹሩባ ትርሲት አላስፈታም አለች። ሳምንታት አለፉ። ሹሩባው ከሥሩ አደገ፣ ጫፉ ተንጨባረረ፣ ዶቃው አንድ በአንድ ረገፈ። ልፍታልሽ ስላት የሱፍ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ስባ ትደፋለች። እዚህ ከተማ ኮፍያ ማንንም አይገርምም፤ እንዲያውም ደብረ ብርሃን ውስጥ ባዶ ራሱን የሚሄድ ሰው ካያችሁ ወይ እንግዳ ነው ወይ አሞታል። ፀጉር ቤት ልውሰድሽ አልኳት፣ እምቢ። ግድግዳ የምንጋራቸው እትዬ ጥሩነሽ በሹሩባ ሙያቸው የታወቁ ናቸውና ልሥራት ብለው ሚዷቸውን ይዘው መጡ፣ እምቢ።

«የእማዬን አላስፈታም» አለች፤ ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ከኮፍያው ሥር ሂሳቡም ጽሕፈቱም አብሮ ተደፈነ። ሰሌዳ ላይ ውጪ ስትባል አልችልም፣ አንድ አንቀጽ ጻፊ ስትባል አልችልም። ደብተሯ ላይ ከጻፈችው ያጠፋችው ይበዛ ነበር፤ በላጲስ ፍቃ ፍቃ ወረቀቱን ስለምትበሳው፣ በማክሰኞው ትምህርት ቀዳዳ የረቡዕን ማየት ይቻላል። ከክፍሏ ፊተኞች አንዷ የነበረች ልጅ ስድስትና ሰባትን ደምሪ ስትባል ጣሪያ ጣሪያ ማየት ስትጀምር ፈራሁ። እናቷ ስትደውል አልነገርኳትም፤ ብነግራት በማግስቱ ሥራዋን ትታ እንደምትመጣ አውቃለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ እንድትመጣ ስለፈለግኩ ልነግራት ምላሴ ጫፍ ላይ የደረሰበት ቀንም ነበር።

በዚህ መሀል የክፍሏ መምህርት ሂሩት ከሥልጠና ተመለሰችና እኛን ከነልጆቻችን ሰበሰበችን። ሥልጠና የሄደ ሰው መቼም ባዶ እጁን አይመለስም። ያመጣችው ነገር እንዲህ ነው፤ ልጅ ሂሳብ የሚችልና የማይችል ተብሎ አይወለድም፣ አእምሮ በለፋ ቁጥር ይጠነክራል፣ ስህተትም የትምህርቱ አንድ ክፍል ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ «አልችልም» አይባልም፤ «ገና አልቻልኩም» ነው የሚባለው። ላጲስ ቀርቷል፤ የተሳሳተ ልጅ በላዩ አንድ መስመር አስምሮበት ከጎኑ እንደገና ይጽፋል። ጎበዝ ብሎ ማለፍም ቀርቷል፤ ልጁ ምን አድርጎ ምን እንዳመጣ ተለይቶ ነው የሚነገረው። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት እጃቸውን አውጥተው፣ ይሄ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ነው አይደል ሲሉ ጠየቁ። አዎ አለች። ሰውየው ታዲያ ለዚህ ነው እንዴ ሥልጠና የሄድሽው በሚል ዓይን አይተዋት ተቀመጡ።

በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት። ልጅ የሚማረው ከሚነገረው ይልቅ ከሚያየው ነው አለችና፣ እያንዳንዱ ወላጅ የማይችለውን አንድ ነገር መርጦ መንፈቅ ዓመቱ እስኪያልቅ በልጁ ፊት እየተሳሳተ እንዲማር፣ በመጨረሻም መጥቶ እንዲያሳይ አዘዘች። አንዲት እናት ብስክሌት መንዳት አሉ። አንድ አባት ብዙ ካሰበ በኋላ የማልችለው ነገር ትዝ አይለኝም አለ፤ ሚስቱ ላስታውስህ ብላ ስትነሳ ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። የእኔ ተራ ደረሰ። በኮምፒውተር ካርታ መሥራት ልል አፌን ስከፍት፣ ትርሲት ከኮፍያዋ ሥር ድምጿን አሰማች።

«አባዬ ሹሩባ መሥራት አይችልም።»

«ገና አልቻለም» ብላ አረመቻት ሂሩት፤ ወዲያው ስሜ አጠገብ መዘገበችው።

ቤት ስንገባ የቤት ሥራ ስለሆነ ኮፍያዋን እንድታወልቅ ጠየቅኳት። የቤት ሥራ የሚለው ቃል ኃይል አለው፤ አወለቀች። መጀመሪያ የወይንሸትን ሹሩባ መፍታት ነበረብኝ። አንዱን ጉንጉን ስፈታው ከውስጡ የወይንሸት የፀጉር ቅባት ሽታ ወጣ። ትርሲት ድምፅ ሳታሰማ ታለቅስ ነበር፤ ከኋላዋ ስለሆንኩ የእኔን አላየችም። ባለቤቴ ከሄደች ጀምሮ እንደዚያን ሰዓት ናፍቃኝ አታውቅም።

ከዚያ ወደ ሙያዬ ገባሁ። ቀጥ ያለ መስመር ለማውጣት ቀያሽ የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ሲባጎ አመጣሁ። የሲባጎውን አንድ ጫፍ ትርሲት በጣቷ ግንባሯ ላይ ያዘችልኝ፣ ሌላውን እኔ ማጅራቷ ላይ ወጥሬ ያዝኩ። መስመሩ እንደ ደብረ ብርሃን አስፋልት ቀጥ አለ። ሚዶውን ለማንሳት ጎንበስ ስል ግን ትርሲት አነጠሰች። መሬትን ስትለኩት አያነጥስም፤ ጠቅላላ ትምህርቴ ያልተዘጋጀው ለዚህ ነበር። እንደገና ወጠርን፣ እንደገና አነጠሰች፣ ሦስተኛው ላይ ሳቀች። የሣቋን ድምፅ ረስቼው ነበር።

የሠራሁላትን ሹሩባ ስገልጸው አፍራለሁ። አራት ጉንጉን ለመሥራት አስቤ አምስት ወጣ፤ አምስተኛው ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠዋት በኮፍያ ሸፍኜ ላክኋት፤ ለእረፍት ወጥተው ሲሯሯጡ ሁሉም ተፈትቶ ኮፍያዋ ውስጥ ተከማቸ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለመቀነት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ማታ ምን አሉሽ አልኳት። ሂሩት አባትሽ የትኛው ቦታ ላይ ነው የከበደው ብላ እንደጠየቀቻት ነገረችኝ፤ ሁሉም ቦታ ላይ ብላ መልሳላታለች።

ለወይንሸት ደወልን። ዱካው፣ ሹሩባው፣ እኔ፣ ሁሉንም በቪዲዮ ስታይ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ሣቋ ሲያልቅ እንባው አለመቆሙን አይቼ ዓይኔን ወደ ሌላ መለስኩ። ከዚያ ታስተምረኝ ጀመር። ከማዋለጃ ክፍሉ ፋሻ አምጥታ በሦስት ሸንሽና እየጎነጎነች አሳየችኝ። የቀኙን በመሀለኛው ላይ፣ የግራውን በመሀለኛው ላይ፣ በእያንዳንዱ ዙር ደግሞ ከሥር ትንሽ ፀጉር እየጨመርክ፣ ዋናው ነገር ግን፣ አለች፤ ኔትዎርኩ ተቋረጠ። በማግስቱም ዋናው ነገር ግን የሚለው ላይ ስትደርስ ተቋረጠ። ያንን ዋና ነገር በስልክ ሳልሰማው ቀረሁ።

እንደዚህ ሆኖ እንኳ አልተውኩትም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። መሥሪያ ቤት ሻይ ሲጠጣ እኔ የስብሰባ አዳራሹን መጋረጃ ዘርፍ እጎነጉናለሁ። ኃላፊያችን አንድ ቀን መጋረጃውን ሊከፍቱ ሲስቡት እርስ በርሱ ተያይዞ ከነዘንጉ ወረደባቸው፤ ማን እንደሠራው ቢጠይቁ ሁላችንም እንደሳቸው ተገረምን።

በኋላ በጉ ትዝ አለኝ። አባቴ አንኮበር፣ ጎረቤላ አጠገብ ባለች ደብር የሚያገለግሉ መሪጌታ ናቸው። ለፋሲካ ይሆናችኋል ብለው ከመዘዞ አስገዝተው የላኩልን የመንዝ በግ ጓሮ ታስሯል። የመንዝ በግ ፀጉሩን ታውቁታላችሁ፤ ረጅም ነው፣ ወፍራም ነው፣ ደግሞም አያነጥስም። ከሥራ መልስ ዱካ ይዤ ጓሮ እገባና ሳሩን እያቀረብኩለት ጀርባውን እጎነጉናለሁ። ትርሲት አጠገቤ ቆማ ስህተቴን እየቆጠረች ትነግረኛለች። የፈረደበት በግ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከትከሻው እስከ ዳሌው ሹሩባ ተሠራ፤ ጫፉ ላይም ትርሲት የተረፉትን ዶቃዎች አሰረችለት።

እትዬ ጥሩነሽ በአጥሩ ሽንቁር አዩኝ። ሲያዩኝ ምንም አላሉም፤ ክፉው ነገር እሱ ነው። እንግዲህ አስቡት። ሚስቱ ሩቅ አገር የሄደች ሰው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ጓሮ ገብቶ፣ የበግ ፀጉር እየጎነጎነ ዶቃ ያስራል፤ ሕፃኗ አጠገቡ ቆማ ቁጥር ትቆጥራለች። እኔም ብሆን ሌላ ነገር አላስብም። በሳምንቱ መጨረሻ ሰፈሩ በሙሉ መስተፋቅር እየሠራሁ እንደሆነ አወቀ። ከማን ተማረው ለሚለውም መልሱ ቅርብ ነበር፤ የመሪጌታ ልጅ አይደል፣ ከአባቱ ነዋ። ሱቅ ስሄድ ሰው መንገድ ይለቅልኛል። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ጥግ ጠርተው ባለቤታቸው አዲስ አበባ ሄዶ እንደቀረ ነግረውኝ፣ በጉ ምን ዓይነት ቀለም መሆን አለበት ሲሉ በሹክሹክታ ጠየቁኝ።

ወሬው አንኮበር ለመድረስ ትራንስፖርት አላስቸገረውም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተንኳኳ፤ ስከፍት አባቴ ናቸው። ጥምጣማቸው ነጭ፣ ፊታቸው ጥቁር፣ በአንድ እጃቸው ጃንጥላ፣ በሌላው በላስቲክ ጠርሙስ ጠበል። ሰላምታዬን ሳይቀበሉ ቀጥታ ጓሮ ገቡና በጉ ፊት ቆሙ። በጉ ዶቃውን እያንቃጨለ ዞሮ አያቸው። ከነሹሩባው ጠበል ረጩት። ቀጥሎ እኔን ረጩኝ፤ የደብረ ብርሃን ጠዋት መሆኑን አትርሱ።

«አባባ፣ የቤት ሥራ ነው» አልኩ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ።

ትርሲት መጥታ ሁሉንም አስረዳቻቸው። መምህርቷን፣ ላጲሱን፣ ገና አልቻልኩምን፣ የእናቷን ሹሩባ አለማስፈታቷን ሳይቀር ነገረቻቸው። አባቴ ዱካዬን ስበው ተቀመጡ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የተቆጡ መስሎኝ ነበር፣ ለካ እየሳቁ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ነው የሚባለው፣ አንተ ግን በጉን ጠመጠምከው አሉኝ። ቀጥለውም ለትርሲት የቤተ ክህነቱን ትምህርት አጫወቷት። ዳዊት የሚማር ልጅ አንዱን መዝሙር መጀመሪያ ፊደል ፊደሉን እየቆጠረ ያነበዋል፣ ይሄ ቁጥር ይባላል፣ ቀጥሎ ግዕዝ ንባብ፣ ቀጥሎ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻ ቁም ንባብ። ያው አንዱ መዝሙር ነው። ቁጥር ላይ ያለ ልጅ ቁጥር ላይ ነው ይባላል እንጂ አይችልም ተብሎ ወደ ቤቱ አይሰደድም። አባትሽም አሁን ቁጥር ላይ ነው አሏት። እኔ ከውርድ ንባብ ጠፍቼ ቀያሽ መሆኔን ደግነታቸው ሆኖ አላነሱትም።

ትርሲት ለበጉ ውኃ ልታመጣ ስትገባ አንዱን የበግ ጉንጉን በጣታቸው ይዘው ቀሩ።

«እናትህ ፀጉሯን ራሷ ነበር የምትጎነጉነው፤ እጇን ወደ ኋላ አዙራ» አሉ። «በመጨረሻው ሕመሟ እጇ አልነሳ ሲል ጎረቤት እየመጣ ይሠራት ነበር። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ዳዊት እደግምላታለሁ። እኔ ልሥራሽ ማለት አንድም ቀን አልመጣልኝም፤ ልጄ። አሁን ሁልጊዜ የሚመጣልኝ እሱ ነው። ትናፍቀኛለች።»

ትናፍቀኛለች የሚለውን ቃል ከአባቴ አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ተነስቼ በጉን ማሰር ጀመርኩ፤ በጉ ግን ታስሯል። አባቴ ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ እትዬ ጥሩነሽን በር ላይ አግኝተው ስለ ሐሜት ረዘም ያለ ትምህርት ሰጥተዋቸው ሄዱ።

በማግስቱ እሁድ ለትርሲት ሠራሁላት። ጉንጉኑ ሦስተኛው ዙር ላይ ሲደርስ ጠይቀኝ እንጂ አለችኝ። ምን ልጠይቅሽ አልኳት። እንደ እማዬ ሂሳብ ጠይቀኝ አለች። ሁለት ነገር ባንዴ መሥራት ለእኔ ገና ነው፤ ሰባት ሲባዛ በስምንት ስንት ነው አልኩና፣ ሐሳቤ ፀጉሩ ላይ ስለነበር ራሴው ሃምሳ አራት ብዬ መለስኩ። በጣቷ ስትቆጥር በጀርባዋ ይታወቀኛል።

«ሃምሳ ስድስት ነው፤ አባዬ» አለች። «ምንም አይደል። ገና አልቻልክም።»

ከዚያ ቀን ወዲህ መጠየቄን አላቆምኩም። አንዳንዴ እያወቅኩ እሳሳታለሁ፣ ብዙ ጊዜ ሳላውቅ። እሷም ትሳሳታለች፣ እኔም ጉንጉኑን እፈታና እንደገና እጀምራለሁ፣ እሷም ቁጥሩን እንደገና ትጀምራለች። ወይንሸት በስልክ ልትነግረኝ ያቃታትን ዋና ነገርም እጄ ቀስ ብሎ ደረሰበት፤ ከሥሩ ጠበቅ ማድረግ ነው። ሥሩ ከላላ ጫፉን የቱንም ያህል ብታስሩት አይጠቅምም።

የመንፈቁ ማብቂያ ደረሰ። ወላጆች ክፍሉን ሞላን። የብስክሌቷ እናት በግቢው ዞረው ሲመለሱ አጨበጨብንላቸው፤ ፍሬን መያዝ ገና ስላልቻሉ የአትክልቱን አጥር ይዘው ነው የቆሙት። እኔ በትርሲት ፀጉር ላይ አንድ ጉንጉን በሰው ፊት ሠራሁ፤ እንደጨረስኩ ኮፍያዋን መልሳ ደፋች። ከዚያ ሂሩት ትርሲትን ወደ ሰሌዳው ጠራቻት። ትርሲት ኮፍያዋን አውልቃ ለእኔ ሰጠችኝና ሄደች። ሃያ ዘጠኝ ዶቃ ለስምንት ጉንጉን እኩል ይካፈል የሚል ጥያቄ ነበር። አራት ብላ ጻፈች። ቆም ብላ አየችው። ክፍሉ ሁሉ ያየዋል፤ ድሮ ቢሆን እዚህ ላይ ነው አልችልም ብላ የምትሮጠው። አራቱ ላይ አንድ መስመር አሰመረችበት፣ ከጎኑ ሦስት ጻፈች፣ ቀሪ አምስት። ሂሩት ጎበዝ አላለቻትም፤ የተሳሳተውን ራስሽ አየሽው፣ ሳትደብቂው አረምሽው አለቻት።

ቀጥሎ ገና ስላልቻሉት ነገር የጻፉትን አነበቡ። የትርሲት ወረቀት ስርዝ በስርዝ ነበር፤ ቀዳዳ ግን የለውም። እንዲህ ይላል።

«አባዬ መሬት ይለካል። ሹሩባ ግን አልቻለም ነበር። መጀመሪያ ሲሠራኝ አመመኝ። ሁለተኛ ሲሠራኝ በጣም አመመኝ። በበግ ላይ ተለማመደ። በጉ መናገር ስለማይችል ነው እንጂ እሱንም አሞታል። አሁን አባዬ ሲሠራኝ ትንሽ ብቻ ነው የሚያመኝ። እማዬ ስትናፍቀኝ ግን በጣም ያመኛል። እሱን ማስቆም ሁለታችንም ገና አልቻልንም።»

ኮፍያዋ እጄ ላይ ነበር። ፊቴን ጠረግኩበት።

በዚያው ሳምንት ወይንሸት ድንገት ፈቃድ አግኝታ መጣች። ከባጃጅ ስትወርድ እትዬ ጥሩነሽ አይተው ማማተባቸውን በዓይኔ አይቻለሁ። አባቴ ያን ያህል ያስተማሯቸው ትምህርት በአንድ ሻንጣ ፈረሰ፤ በጉ ሥራውን ሠራ አሉ አሉ።

ወይንሸት ጫማዋን በር ላይ ጣለች። ተደናቅፌ ልወድቅ ነበር፤ እንደዚያን ቀን መደናቀፍ ጣፍጦኝ አያውቅም። ምሳ ከበላን በኋላ እንደ ድሮዋ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፣ ቅባቷንና ሚዶዋን አወጣች፣ ዱካውን በእግሯ ሳብ አድርጋ ነይ ልፍታልሽና በደንብ ልሥራልሽ አለቻት። ትርሲት እናቷ ከመጣች ጀምሮ ቀሚሷን አልለቀቀችም ነበር። አሁን ግን ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ቆመች።

«የአባዬን አላስፈታም» አለች።

ወይንሸት እሺ አለች። ፈገግም አለች። ከዚያ ያን የሚያወሩለትን በግ ልየው ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። ጥቂት ቆይቼ ተከተልኳት። በጉ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ዶቃዎቹን እየነካካች ታለቅሳለች። ደስ ብሎኝ ነው አለችኝ፤ ደስታ እንዴት እንደሚያስለቅስ መናኸሪያ ስለተማርን አልተከራከርኳትም።

«ስመጣ የምትጠብቁኝ መስሎኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ለካ ያለ እኔ ተምራችሁ ጨርሳችኋል።»

አልጨረስንም፣ ቁጥር ላይ ነን ልላት ፈለግኩ፤ ግን አባቴ ስለ እናቴ ፀጉር የተናገሩት ትዝ አለኝ። ዱካውን ከቤት አመጣሁና እኔ በጉ የሚታሰርበት ግንድ ላይ ተቀምጬ ዱካውን ፊቴ አኖርኩት።

«ነይ ልሥራሽ» አልኳት።

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሻሿን ፈታችና ጭንቅላቷን በጉልበቶቼ መካከል አስገባች። ስንት ዓመት አብረን ስንኖር ፀጉሯን እንደዚያ ይዤው አላውቅም። ትርሲት ሲባጎውን ይዛ መጣችና አንዱን ጫፍ የእናቷ ግንባር ላይ ያዘችልኝ። ሠራኋት፤ ሦስተኛው መስመር ትንሽ ወደ ግራ ያጋድላል፣ የቀረው ደህና ነው። እናትና ልጅ በመሀሉ ስለ ሞተውና ስላልሞተው ጅብ አወሩ። ወይንሸት ስትሄድ አንድ ስምምነት አደረግን፤ ሹሩባው ሲፈታ እንደገና ልታሠራ ትመጣለች፣ ተረኛ ብትሆንም ባትሆንም።

አሁን አረርቲ ናት። በዚያ ሙቀት ኮፍያ ስለማይደረግ ጠማማው መስመር ለሁሉም ይታያል። የሥራ ባልደረቦቿ እናስተካክልልሽ ቢሏት እምቢ ብላለች። ማታ ማታ ስትደውል ትርሲት ስልኩን ነጥቃ ከሰላምታ በፊት ተፈታ እንዴ ትላታለች። ወይንሸት ወደ ካሜራው ጎንበስ ብላ ታሳየናለች። ገና ነው ትለናለች። እኔ ከትርሲት አጠገብ ተቀምጬ ጉንጉኑን አያለሁ፤ ከሥሩ ጥብቅ ብሏል፣ አንዲት ፀጉር እንኳ አልወጣችም። አንድ መንፈቅ ሙሉ እንዳይፈታ አድርጎ መሥራትን ተማርኩ፤ አሁን ግን ምነው ትንሽ ላላ አድርጌ በሠራሁት ኖሮ እላለሁ።